ጋሽ ኦይታን ማን አናደዳቸው?

ደም ብዛት የሌለበት ሰፈር የለም። ደም ብዛት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለቤቱን ያሳምማል፤ ሁለተኛው ባለቤቱን ትቶ ጎረቤቱን ያሳምማል። የሁለተኛው ዓይነት ባለቤት አልጋ ላይ አይወድቅም፣ አያቃስትም፣ ከሥራም አይቀርም። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ይቀመጥና ጣቱን ቀስሮ «አደራ፣ እንዳታናዱኝ፤ ደሜ ይነሳል» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭንቀት የሌላው ሰው ነው። ከዘመድ ከጎረቤት እንዲህ ያለ ሰው የማያውቅ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

በደርግ ዘመን፣ አርባ ምንጭ ገና ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው የሚያውቅባት ከተማ ሳለች፣ የታችኛውን ሰፈር፣ ሲቀላን፣ የሚያስተዳድሩት ሦስት ነበሩ፤ ቀበሌው፣ የወባ ትንኝና የጋሽ ኦይታ ደም ብዛት። ከቀበሌው ዘመድ ያስጥላል፤ ለትንኟም አጎበር አለ። ለሦስተኛው ግን መላ አልነበረም።

ጋሽ ኦይታ ጨው ነጋዴ ነበሩ። በልጅነታቸው ከኦቾሎ ተራራ ወርደው ሲቀላ ገበያ ዳር በቆርቆሮ ሱቅ የተቀመጡ፣ እዚያው የወፈሩ፣ እዚያው የተከበሩ ሰው ናቸው። ሆዳቸው በር ሲገባ ይቀድማቸዋል። ጨው በዓይን አይታወቅም ባይ ስለሆኑ ጆንያ በተፈታ ቁጥር አንድ ድቃቂ ወደ ምላሳቸው ይልካሉ። ደንበኛ «ደህና ነው?» ካለቻቸው ደግሞ ለምስክርነት ሌላ ይደግማሉ። ገበያው ሞቅ ባለ ቀን የጋሽ ኦይታ ምስክርነት ብቻ አንድ ድስት ወጥ ያጣፍጣል እየተባለ ይቀለድ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሚስታቸውን ጌጤን ወባ የያዛት ጊዜ ነው። ጋሽ ኦይታ እስከ ጤና ጣቢያው አጀቧት። ድሬሰር ታምሩ እርሷን መርፌ ከወጋ በኋላ፣ መጥተው ሳለ እርሳቸውም ይለኩ ብሎ ክንዳቸው ላይ ጨርቁን ጠመጠመና ጎማዋን ጨመቅ ጨመቅ አደረገ። ለካ። ደግሞ ለካ። ወደ ሌላው ክንድ ዞሮ ለካ። ጋሽ ኦይታ ቢቸግራቸው፣ ጠፍቶህ ከሆነ ጌጤ ላይ ሞክረው አሉት።

ታምሩ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና አስረዳቸው። ደም በሥር ውስጥ ሲያልፍ ሥሩን ይገፋል፤ ግፊያው ከልክ ሲያልፍና እንደዚያው ሆኖ ሲቀር ደም ብዛት ይባላል አለ። ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሰውየው እየበላ እየጠጣ፣ እርሱ ውስጥ ለውስጥ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። ምክንያቱን ቢሉ አንድ ብቻ አይደለም። ከዘር ይወረሳል፤ ዕድሜም ያመጣዋል፤ ጨው፣ ውፍረት፣ ቁጭ ብሎ መዋል፣ አረቄና ሲጋራ ያብሱታል። ስለ አባታቸው ጠየቃቸው። አባታቸው ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት አደባባይ ቆመው ሲናገሩ ወድቀው እንደቀሩ ነገሩት። ታላቅ ወንድምስ? እርሳቸውም አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ኦቾሎ ቤት ተኝተዋል። ታምሩ ራሱን ነቀነቀና ክኒን ሰጣቸው፤ በየቀኑ፣ ደህና ነኝ ባሉበትም ቀን፣ ሳያቋርጡ እንዲውጡ አዘዘ። ጨው ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ አለ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ለመሰነባበቻ ያህል፣ ብዙም አይናደዱ ብሎ ጨመረ።

ምነው ምላሱን በቆረጠው! ጋሽ ኦይታ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ቤታቸው ይዘው የገቡት ያችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ስለ ጨው የተባለውን ጆሯቸው አልሰማም፤ ጨው ነጋዴ ስለ ጨው ክፉ የሚሰማበት ጆሮ አልተሠራለትም። ከጤና ጣቢያው የወጡት ታመው አይደለም፤ ተሹመው ነው።

ሹመቱ ሥራ የጀመረው ከጎረቤታቸው ከእትዬ አበቡ አውራ ዶሮ ነው። ዶሮው ጎህ ሳይቀድ ይጮኻል። ጋሽ ኦይታ አጥር ላይ ብቅ ብለው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ይህ ዶሮ እያናደዳቸው መሆኑንና ነገ ሬሳቸው ቢወጣ አበቡ እንዳታለቅስ አስታወቁ። ዶሮው በዚያው ሳምንት ጫኖ፣ ሙዝ እርሻ ውስጥ ላሉ ዘመዶቿ ተላከ። ቀጥሎ ገበያተኛው ተራውን አገኘ። ሴትዮዋ የጨው ዋጋ ቀንሱልኝ ልትል አፏን ስትከፍት፣ እርሳቸው ደረታቸውን በመዳፋቸው ደገፍ ያደርጋሉ። ማን ነፍስ አጥፍቶ ወጥ ያጣፍጣል? ያለክርክር ገዝታ፣ «እግዜር ይማርዎ» ብላ ትሄዳለች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደበሌ እንኳ፣ ያ ከተማውን ሁሉ በጩኸት የሚያንቀጠቅጥ ሰው፣ ጋሽ ኦይታ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይሟሽሽ ነበር። ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ለእርከን ሥራ ሲወጣ፣ እርሳቸው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አቆፋፈሩን ያርማሉ። ደበሌ አንድ ቀን ምነው እርስዎስ ብሎ ጀመረና፣ ጣታቸው ስትቀሰር አይቶ ዓረፍተ ነገሩን ዋጠው። አብዮቱ ሽማግሌ አናዶ ገደለ እንዲባል አልፈለገም።

ክኒኑስ? ክኒኑ ጥቂት ቀን ተውጦ ነበር። ችግሩ ሽንት ማብዛቱ ነው። በዚያን ጊዜ ስብሰባ ሲባል ስብሰባ ነበር፤ ገብቶ መውጣት የለም። ጓድ ደበሌ ስለ አድኃሪያን ሤራ በግለት ሲናገር ጋሽ ኦይታ እግራቸውን ያነባብራሉ፣ ይፈታሉ፣ ላብ በላብ ይሆናሉ። በመጨረሻ አልቻሉም፤ ብድግ አሉ። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። አድኃሪያን ሲወገዙ ብድግ ብሎ የሚወጣ ሰው እንግዲህ ምን ይባላል? ደበሌ ንግግሩን አቋርጦ፣ ጓድ ኦይታ የማይስማሙበት ነጥብ ይኖር እንደሆነ በጨዋ ደንብ ጠየቃቸው።

«በሁሉም ተስማምቻለሁ» አሉ ጋሽ ኦይታ። «ሽንቴ ነው ያልተስማማው።»

አዳራሹ ሳቀ። በዚያ ዘመን በስብሰባ መሳቅም ራሱን የቻለ ጥፋት ነበርና ሳቁ ቶሎ ተዋጠ። ጋሽ ኦይታ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ መድኃኒት ያሳስራል ብለው ክኒኑን ቆጥ ላይ ወረወሩት። ደግሞስ ምን ሆንኩና እውጣለሁ፣ የታመመ ሰው አይተኛም ወይ አሉ።

የጌጤ መከራ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ታምሩ ሲናገር ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር፤ ወባው ቢያንቀጠቅጣትም እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች። ጨው የቀነሰች ቀን ጋሽ ኦይታ አንድ ጉርሻ ቀምሰው ይህ ምግብ ሊያናድዳቸው መሆኑን ያስታውቃሉ። ቢናደዱ ይሞታሉ ተብሏል፤ ጨው ቢበዛም ይሞታሉ ተብሏል። ምስኪን ሴት የቱን ሞት ትምረጥ? ጨው ታክላለች። ክኒኑን በሙዝ ውስጥ ወሽቃ ልታበላቸው ሞከረች። እርሳቸው ጥርሳቸው ሥር ቋ ሲልባቸው አወጡና፣ ሙዝ በውስጡ ፍሬ መያዝ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው ብለው በትዕግሥት ጠየቋት።

ከሁሉ የከፋባት ግን ዝምታው ነው። እርሷና እርሳቸው ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ደመናው ይዘንባል አይዘንብም፣ ዓሣው ይጠበስ ይቀቀል፣ እርሳቸው ይላሉ እርሷ ትላለች፤ ጠዋት የተጀመረ ክርክር ለራት ይተርፍ ነበር። ልጆች አድገው ከቤት ሲወጡ እንኳ ቤቱ ባዶ ያልሆነው በዚያ ነው። አሁን ግን ያሉትን ሁሉ «እሺ» ማለት ሆነ። አባያ ሐይቅ ቀይ ሳይሆን ሰማያዊ ነው ቢሏትም «እሺ» ልትል ነው። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ ናፈቃት።

አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ኦይታ የጎመንና የበቆሎ ኩርኩፋቸው ላይ ጨው እየነሰነሱ ሳለ ጨው የያዘው እጃቸው ወረደ። ጌጤ ቀና ብላ ስታያቸው አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሸፈፍ ብሏል። ሊናገሩ ሞከሩ፤ ቃሉ አልወጣም። ደግፋ አስተኝታቸው ጎረቤት እስክትጠራ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እሪ እስኪል፣ እጃቸው ተመለሰ፣ አፋቸው ተቃና፣ ድምፃቸው መጣ። ምን ሆናችሁ ትጮኻላችሁ፣ ደህና ነኝ አሉ።

ሰፈሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ጋሽ ኦይታን ማን አናደዳቸው? ዘመኑ ጥፋተኛ ሳይገኝ የማይታደርበት ዘመን ነበርና ጓድ ደበሌ ጉዳዩን በኮሚቴ ያዘው። ኮሚቴው ጨው የገዙትን፣ ያልገዙትን፣ በሱቁ በር ያፏጩትን ሁሉ መረመረ። በመጨረሻ ያ አውራ ዶሮ ባለፈው ሳምንት ከጫኖ መመለሱ ታወቀ። እትዬ አበቡ በእንባ ታጠበች፤ ሰው ገዳይ ተብላ መቅረቷ ነው።

የጋሽ ኦይታ አጎት አቶ ማርቆስ ይህን ሲሰሙ ሽማግሌዎች ይዘው ከኦቾሎ ወረዱ። በጋሞ አገር ሕመም ሲጸና ማን ከማን ተጣላ ብሎ መጠየቅ ወግ ነው። ሽማግሌ እርጥብ ሳር በሁለት እጁ ይዞ ከተንበረከከ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ ምንም ያህል የተቆጣ ሰው ያን ሳር ተሻግሮ አይሄድም። መሻገር ጎሜ ነው፤ በራስና በዘር ላይ ጦስ ይጠራል። ሽማግሌዎቹ ሳሩን ይዘው ተንበረከኩ፤ ጋሽ ኦይታ በታላቅ ግርማ አበቡን ይቅር አሉ፤ ሲለመኑ ዶሮውንም ይቅር አሉ። ተመረቀ፣ ተበላ። ከሐይቁ የመጣው ዓሣ በዳጣና በጨው ታሽቶ ተጠብሶ ቀረበ፤ ታራቂውም የድርሻቸውን ከነአጥንቱ ጨረሱ።

ታምሩ ተጠርቶ ነበር። አቶ ማርቆስ እርቁ የሠራውን ሥራ ሁሉም እንዲያይ፣ እስቲ እዚሁ ለካልን አሉት። ጨርቁን ጠመጠመ፤ ጨመቀ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ።

እንደነበረ ነው አለ ታምሩ። እንዲያውም ጨመር ሳይል አልቀረም።

አቶ ማርቆስ ካሰቡ በኋላ፣ እንግዲያው ሌላ የተጣሉት ሰው አለ ማለት ነው አሉ። የኮሚቴው ሰው ሁሉ ወደየጫማው አቀረቀረ። ታምሩ መሣሪያውን እየጠቀለለ ነበር፤ አቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አባቶቼ፣ ጋሼን ማንም አላናደዳቸውም። ንዴት ደምን ለአፍታ ያወጣዋል፣ ከዚያ ይወርዳል። የእርሳቸው ግን ተኝተውም አይወርድም። ከአባታቸው ወርሰውታል፣ በጨው ይቀልቡታል፣ ክኒኑን ትተዋል። ያን ቀን የመጣው ማስጠንቀቂያ ነው። የሚቀጥለው መጥቶ ላይመለስ ይችላል።»

ጋሽ ኦይታ ጣታቸውን ቀሰሩና፣ አሁን ይህ ልጅ እራሱ እያናደደኝ ነው አሉ። ሰው ሁሉ በእፎይታ ሳቀ። ጌጤ ብቻ አልሳቀችም። ኦቾሎ ያሉትን የባሏን ወንድም አስታወሰች፤ ያን የመሰለ ተራራ አፍራሽ ሰው፣ ዛሬ ምራቁን የሚጠርግለት ሰው ይጠብቃል።

የሚቀጥለው የገበያ ቀን ሲቀላ ጢም ብሎ ሳለ፣ ጌጤ ከምንጩ ወራጅ ዳር ሳር አጭዳ፣ ውሃው ገና እየተንጠባጠበ በሁለት እጇ ይዛ በገበያው መሐል መጣች። እርጥብ ሳር የያዘ ሰው ሲመጣ መንገድ ይለቀቃል፤ ሙዝ ሻጩም ሸማ ሻጩም ዘወር አለላት። ሱቁ በር ላይ፣ ከጨው ጆንያዎቹ ፊት፣ ተንበረከከች። ጋሽ ኦይታ ደነገጡ። ግራ ቀኝ አዩና ከማን ጋር ልታስታርቃቸው እንደሆነ ጠየቁ።

«ከክኒንህ ጋር» አለች ጌጤ።

ገበያተኛው እርስ በርስ ተያየ። እርሷ ቀጠለች። «ስላናደዱህ አይደለም የምትሞተው። ስለፈራንህ ነው። ጨው ብትል ጨው ሰጠንህ፤ አልውጥም ብትል ዝም አልንህ። ወንድምህን አይቻለሁ፣ ኦይታ። እኔ ባሌን ቆሞ ነው የምፈልገው። ይኸው ሳሩ፤ ከቻልክ ተሻገረውና ሂድ።»

ያን ጊዜ ጋሽ ኦይታ ተናደዱ። የዓመቱን ሁሉ በአንድ ቀን ተናደዱ። ገበያ ፊት አዋረድሽኝ፣ የሽማግሌ ሳር ለፍሬ ክኒን ይዘረጋል ወይ፣ የአባቴ አገር ሰው ምን ይለኛል፣ ጨው ነጋዴ ጨው ተወ ሲባል ማን ይገዛኛል እያሉ ጮኹ። ድምፃቸው እስከ ላይኛው ሰፈር፣ እስከ ሴቻ፣ ተሰማ ብለው የሚምሉ አሉ። ግንባራቸው ላይ ሥር ቆመ። እትዬ አበቡ በነጠላዋ ዓይኗን ሸፈነች። ጓድ ደበሌ ከሰው ኋላ ገባ። ገበያው ትንፋሹን ዋጠ፤ አሁን ወደቁ፣ አሁን ወደቁ።

የሚሉት እስኪያልቅባቸው ጮኹ። ሲያልቅባቸው ቆመው አለከለኩ።

«ጨረስክ?» አለች ጌጤ ከተንበረከከችበት።

«ጨረስኩ።»

«አልሞትክም።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ከዚያ ገበያው በሙሉ። ጋሽ ኦይታ እግራቸውን አነሱ፤ ሳሩን አዩት። ከአባት ከአያት ማንም ያልተሻገረውን ሳር እርሳቸው በጨው ምክንያት ሊሻገሩ ነው? እግራቸውን መለሱ። ጎንበስ ብለው ሳሩን ከእጇ ተቀበሏት። የተቀበለ ታርቋል።

ከዚያ በኋላ ክኒኑ በየጠዋቱ ተዋጠ። ጨው በምላስ መመስከርም ቀረ፤ በጣት ማሸት ሆነ። ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት ጠዋት ጠዋት እያለከለኩ ይወጡት ጀመር፤ ታምሩ ሲለካቸው ቀስ በቀስ ወረደላቸው። ጓድ ደበሌም በስብሰባ ጊዜ በሩ አጠገብ ወንበር ሰጣቸው፤ እንዳሻቸው ይወጣሉ ይገባሉ። ይህን ያየ ሕዝብ ሁሉ እኔም ደም ብዛት አለብኝ ብሎ ጤና ጣቢያውን አጨናነቀው። ለበሩ ወንበር ብለው ከተለኩት ውስጥ ግን የእውነት የተገኘበት ጥቂት አልነበረም። አንዱ ራሱ ጓድ ደበሌ ነበር። ሲነገረው ፊቱ አመድ መስሎ፣ ምንም አላመመኝም እኮ አለ። ታምሩም፣ እርሱ ነው ክፋቱ አለው።

ያን ዘመን ማንም ተመልሶ ይምጣ አይልም። ስብሰባው፣ ፍርሃቱ፣ ሰው የሰው ስም ሲጠራ የሚደነግጥበት። ግን የዚያን ጊዜዋን ሲቀላ የሚያስታውሱ ሰዎች የማንጎውን ሽታ፣ የሐይቁን ንፋስና የጋሽ ኦይታን ድምፅ አብረው ያነሳሉ። ጋሽ ኦይታ ዕድሜ ጠገቡ፤ ደርግንም ሸኙ። ስብሰባ የሌለበት አገር ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ የማይጠየቅበት አገር ነው እያሉ ይደነቁ ነበር።

ጌጤ የማትረሳው ግን የዚያኑ የገበያ ቀን ራት ነው። ዓሣ ቀቅላ፣ ሎሚ ጨምቃ፣ ጨዉን ለምልክት ያህል ብቻ ነካ አድርጋ አቀረበች። ለራሷም ከዚያው። ጋሽ ኦይታ ቀመሱና አኩርፈው ሳህኑን አዩት። ይህ ዓሣ ከሐይቅ ከወጣ በኋላ ነው የሞተው ወይስ እዚህ ቤት ሲደርስ አሉ። ጌጤ ለወራት የለመደችው «እሺ» ምላሷ ላይ መጣ፤ ዋጠችውና፣ አንተ ድሮም የዓሣ ጣዕም አታውቅም፣ የኦቾሎ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ዓሣ አዋቂ የሆነው አለች። እርሳቸው ቀና አሉ። የኦቾሎ ሰው ምን ሆነ አሉ። ምን ያልሆነው አለ አለች። በአጥሩ ወዲያ እትዬ አበቡ ሥራዋን አቁማ ሰማች፤ ኦይታ ደህና ናቸው ማለት ነው ብላ ተመልሳ ሥራዋን ያዘች።

ጋሽ ኦይታ ሲሸነፉ ጊዜ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ጌጤ፣ ልናደድ ነው።»

ጌጤ እንባዋ እየመጣ ሳቀች።

«ተናደድ እንጂ» አለች። «ክኒንህን ውጠሃል።»